በገና ጨዋታ ሁሉም ይጫወት
በመካኒሳ አቦ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ቀላል ይመስላል። ይኸውም «በመሥሪያ ቤት የገና ግብዣ ላይ ምን ዓይነት ጨዋታ እናድርግ?» የሚል ነው። ስለ ውኃ ጉድጓድ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ጤና ጣቢያ ስንነጋገር ለቆየን ሰዎች ጨዋታ ትርፍ ነገር መስሎ ሊታየን ይችላል። ነገር ግን አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን በምን ዓይን እንደሚያይ ጎልቶ የሚታየው በግብዣ ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ በየሪፖርታችን ስለ ድኾች ክብር እንጽፋለን። በገና ግብዣ ቀን ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ቡና ስታፈላና ሰሐን ስታነሣ ትውላለች፤ ዘበኛውም በር ላይ ቆሞ የሌሎችን ሳቅ ከሩቅ ይሰማል። እንዲህ ከሆነ ግብዣው የኃላፊዎች ግብዣ እንጂ የመሥሪያ ቤቱ ግብዣ አይደለም።

ኦሪት ዘዳግም 16፥14 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን በበዓል ደስ ይበላችሁ ሲል ደስ የሚላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ፣ ወንድ አገልጋይና ሴት አገልጋይ፣ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድኻ አደጉና መበለቲቱ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። አገልጋዮቹ የተጠሩት ሊያስተናግዱ ሳይሆን ሊደሰቱ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ የጌታን መወለድ መጀመሪያ የሰሙት በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች ናቸው። በዘመናችን አነጋገር የሌሊት ተረኞች ነበሩ ማለት ነው። እንግዲህ በልደት በዓል ዘበኛውን የረሳ ግብዣ የበዓሉን ታሪክ ራሱን ረስቷል።

አባቶቻችን ይህን ነገር በጨዋታ ሲያስተምሩን ኖረዋል። የገና ጨዋታ የሚባለው ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ ሩር እየመቱ ከተጋጣሚ ወሰን ለማሳለፍ የሚደረግ ግጥሚያ ነው። እረኞቹ የልደቱን የምሥራች በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በበትራቸው ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ከዚያ የመጣ ነው ተብሎ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በአዲስ አበባ የጃንሜዳ ሜዳ ለዚህ ጨዋታ የታወቀ ነው። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለውን ብሂል ሁላችንም እናውቃለን። በዚያች ቀን አሽከር ጌታውን ይገጥማል፤ ሩሩን ይቀማዋል፤ ያሸነፈው ወገንም የተሸነፈውን በዘፈን ይሰድባል። ቂም ግን አይያዝም። ለመሥሪያ ቤት ግብዣ ከዚህ የተሻለ ደንብ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም።

ወደ ጨዋታዎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ቀኑና ስለ ማዕዱ እንናገር፤ ብዙ ግብዣ የሚበላሸው በእነዚህ ነውና። የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ፣ ማለትም ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት፣ በ28 ይውላል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከኅዳር 15 ጀምረው እስከ በዓሉ ድረስ የነቢያትን ጾም ይጾማሉ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ግን ከውጭ አገር ባልደረቦች ጋር ለመስማማት ሲል በታኅሣሥ አጋማሽ ሥጋና ኬክ አቅርቦ ይጋብዛል። ያን ጊዜ የሚጾሙት ባልደረቦቻችን ባዶ ሰሐን ይዘው ይቀመጣሉ። ስለዚህ በልደትና ጥር 11 ቀን በሚውለው በጥምቀት መካከል ያሉት ቀኖች ይሻላሉ። ከእነዚህም ውስጥ ረቡዕና ዓርብን እንዲሁም የጥምቀትን ዋዜማ መተው ነው። ሥጋ የሚቀርብ ከሆነም ሙስሊም ባልደረቦቻችን የሚበሉት ለብቻው ይዘጋጅ። አቅም ከሌለ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ይቅረብ፤ የጾም ምግብ ሁላችንም ከአንድ ትሪ የምንቆርስበት ማዕድ ነውና።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ እንግባ። ብዙ ወጪ የማይጠይቁና ሁሉን የሚያሳትፉ ስድስት ጨዋታዎችን መርጠናል።

አንደኛው የተራ ልውውጥ ነው። ግብዣው ሲጀመር የሥራ ስሞች በወረቀት ተጽፈው በባርኔጣ ውስጥ ይጨመራሉ፤ ቡና አፍይ፣ በር ጠባቂ፣ ሰሐን አጣቢ፣ እጅ አስታጣቢ ይባላል። ዕጣውን የሚያወጡት ግን ኃላፊዎች ብቻ ናቸው። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት ያገለግላሉ፤ ከዚያ ተራው ለሌላው ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ የዘበኛውን ካፖርት ለብሶ በር ላይ ሲቆም ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ዘበኛውም በዚያች ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይበላል።

ሁለተኛው የግቢ ገና ነው። የአዲስ አበባ ግቢ ጠባብና ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ እውነተኛ ዱላና ሩር አይሆንም። በዚህ ፈንታ የጨርቅ ኳስና ተጠቅልሎ የታሰረ ጋዜጣ ይበቃል። ቡድኖቹ በክፍል ሳይሆን በዕጣ ይከፈሉ፤ የሒሳብ ክፍሉ ከሹፌሩ ጋር፣ ኢንጂነሩ ከተላላኪዋ ጋር ይሰለፉ። ጋዜጣው ከጉልበት በላይ አይነሣ። ያነሣ ሰው ከሜዳ ወጥቶ ለተጋጣሚዎቹ ውኃ ያቀርባል።

ሦስተኛው እንቆቅልሽ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂዎቹ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። ያልቻለው አገር ይሰጣል። ጎንደርን፣ ሐረርን ወይም ጅማን ተቀብሎ ጠያቂው መልሱን ይነግራል። የዚህ ጨዋታ ትልቁ ጥቅም ዲግሪ የማይረዳበት መሆኑ ነው፤ በገጠር ያደጉት እናቶችና አባቶች ወጣቶቹን አገር አልባ ሲያደርጉ ታያላችሁ። ለመሥሪያ ቤትም አዲስ ማውጣት ይቻላል። «ሁሉን ያስገባል፣ ሁሉን ያስወጣል፤ እርሱ ግን ገብቶም ወጥቶም አያውቅም» ብትሉ ግማሹ ሰው «ዘበኛው!» ይላል። መልሱ ግን በር ነው።

አራተኛው ያለ ቃል መናገር ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በእንቅስቃሴ ብቻ ያሳያል፤ ሌሎቹ ይገምታሉ። ዘኬዎስ ሾላ ላይ ሲወጣ፣ ኖኅ እንስሳቱን ሲያስገባ፣ ዳዊት ወንጭፉን ሲያዞር ማሳየት ይቻላል። ኖኅን፣ ዮናስንና ዳዊትን ሙስሊም ባልደረቦቻችንም ስለሚያውቋቸው ማንም ከጨዋታው ውጪ አይሆንም። እዚህ መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ፤ እጅና ፊት ምን ያህል መናገር እንደሚችሉ ለእኛ ለሰፈሩ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጨዋታ እንግሊዝኛ የማይችል አያፍርም፤ አማርኛ ገና በመማር ላይ ያለ እንግዳም ይሳተፋል።

አምስተኛው ሎሚ በማንኪያ ነው። ማንኪያውን በአፍ ይዞ፣ ሎሚውን ሳይጥሉ ግቢውን ዞሮ መምጣት ነው። ዕድሜ የገፋቸው በእጃቸው ይያዙ። መሮጥ ለማይችሉ ደግሞ በጠርሙስ የተሞላ ሽምብራ ቀርቦ ፍሬው ስንት እንደሆነ ይገምቱ። የንብረት ክፍሉ አስቀድሞ ይቁጠር፤ ሽልማቱም ሽምብራው ራሱ ይሁን።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የምስጋና ዕጣ ነው። በብዙ ቦታ ሠራተኞች በዕጣ ስም አውጥተው ስጦታ ይለዋወጣሉ። ይህ መልካም ልማድ ቢሆንም ደመወዙ አነስተኛ የሆነውን ሠራተኛ ያስጨንቃል። አንዱ ውድ ሸማ ሲሰጥ ሌላው ካልሲ ይዞ ይመጣና በሰው ፊት ያፍራል፤ አንዳንዱም ለዚህ ብሎ ይበደራል። ስለዚህ ስጦታው ቃል ይሁን። እያንዳንዱ ሰው ስሟ ወይም ስሙ የወጣለትን ባልደረባ ስለ አንድ የተለየ ሥራ ያመስግን። «ጥሩ ሰው ነህ» ማለት አይበቃም። «በክረምት መኪናው ጭቃ ውስጥ በተያዘ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር ቆየህ» ማለት ግን ስጦታ ነው። መጻፍ የማይሆንለት በቃሉ ይናገር። ብዙ ዓመት አገልግሎ ስሙ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው ይህን ቃል ወደ ቤቱ ይዞ ይሄዳል።

ወዳጆች ሆይ፤ ለጨዋታም ወሰን አለው። በሰው ብሔር፣ በአነጋገሩ፣ በሰውነቱ ወይም በድኽነቱ አይቀለድ። ያልፈለገ ሰው ተገዶ አይጫወት፤ ተቀምጦ ማጨብጨብም መሳተፍ ነው። ሴት ሠራተኞችን የሚያሳፍር ወይም አካል ለአካል የሚያነካካ ጨዋታ አይግባ። ኃላፊዎችም በዚያ ቀን የተቀለደባቸውን ቀልድ ማግስቱን በሥራ ግምገማ ላይ አያስታውሱት። ቀልዱን በቂም የሚመልስ ኃላፊ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ማንም አይስቅም፤ ከዚያም ይልቅ የሥራ ስሕተት ሲያይ እውነቱን የሚነግረው ሰው ያጣል። በጨዋታ ደፍሮ የሚናገር ሠራተኛ በሥራም ደፍሮ «ይህ ፓምፕ አይሠራም» ይላል። በመስክ የምናገለግለው ሕዝብ የሚጠቀመውም በዚህ ነው።

ስለ ወጪም አንድ ቃል እንጨምር። ለጉድጓድና ለእህል የተሰጠ ገንዘብ ለግብዣ አይነካ። መዋጮ ይሰብሰብ፤ መዋጮውም እንደ ደመወዙ መጠን ይሁን፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይስጥ፣ ዝቅተኛ ተከፋይ የሆነው በነፃ ይጋበዝ። ማን ስንት እንደሰጠ ግን በጉባኤ አይነበብ። የተረፈው ምግብም በዚያ ቀን ተረኛ ሆኖ ለቀረው ሰው ከመበላሸቱ በፊት በንጹሕ ዕቃ ይላክለት።

እንግዲህ ለዘንድሮው ገና ኮሚቴ ስታቋቁሙ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ዘበኛ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ይሁን፤ ጨዋታዎቹንም መጀመሪያ እርሱ ወይም እርሷ ይምረጡ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ቀላል ነው።

መልካም የልደት በዓል ያድርግልን። እግዚአብሔር ሥራችሁንና ቤታችሁን ይባርክ።