ሦስተኛው በር፦ የሮተሪ ሞተር አየር አገባብ እና የዙር ማብሪያው



እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1988 የተሠራ፣ ቱርቦ የሌለው ማዝዳ አርኤክስ-7 ያለው ሰው አሮጌውን ማርሚታ ያስወጣና ጭስ እንደልብ የሚያሳልፍ አዲስ ያስገጥማል። ጉልበት ይጨምርልኛል ብሎ ነው። መኪናው ሲነሳ ደህና ነው፤ ዙሩ 4,000ን ሲያልፍ ግን የለመደውን ጉተታ ያጣዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ካንዴላ ይቀየራል፣ የነዳጅ ማጣሪያ ይቀየራል፣ ቦቢናው ይጠረጠራል። ጥፋቱ ግን ከእነዚህ በአንዱም የለም። አሮጌው ማርሚታ በጭሱ ላይ ይፈጥረው የነበረው እንቅፋት በሞተሩ ውስጥ ሥራ ነበረው፤ እንቅፋቱ ሲወገድ ሥራውም አብሮ ቆመ።

ዛሬ የምናገረው ያንን ሥራ የሞተር ዙር በሚቆጥር የኤሌክትሪክ ማብሪያ ስለመተካት ነው። ገመድ መቀጠልና ሪሌ ማሰር እዚህ ካላችሁት ለብዙዎቻችሁ ከባድ አይደለም። ከባዱ፣ የተነሳው ዕቃ ምን ይለካ እንደነበር ማወቅና አዲሱ ገመድ ያንኑ መለኪያ እንዲሸከም ማድረግ ነው። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ እኔም አጥብቄ የምይዘው እሱን ነው።

አርኤክስ-7 የሚነዳበትን የሮተሪ ሞተር አፈጣጠር በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ከኤንኤስዩ ኩባንያ ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን የሙከራ ሞተር ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። በሂሮሺማ የሚገኘው፣ በኋላ ማዝዳ የተባለው ቶዮ ኮግዮ የማምረት ፈቃዱን በ1961 አገኘ፤ በኬንኢቺ ያማሞቶ የሚመሩ 47 መሐንዲሶች ለዓመታት ታግለው በ1967 ኮስሞ ስፖርትን ለገበያ አበቁ። ሌሎች አምራቾች ሞተሩን እየተዉት ሲሄዱ ሂሮሺማ ይዛው ቆየች።

ይህ ሞተር ፒስቶን የለውም፤ በካም የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭም የለውም። ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር፣ ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይዞራል። አየሩ የሚገባው በቤቱ የጎን ግድግዳዎች ላይ በወጡ ቀዳዳዎች ነው፤ የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም በላያቸው የሚያልፈው የሮተሩ ጎን ነው። እንግዲህ የመግቢያው መከፈቻና መዘጊያ ቅጽበት በብረቱ ቅርጽ የተወሰነ ነው። ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፋ ሰው ጊዜውንም አብሮ ለውጦታል፤ መመለሻም የለውም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቀዳዳው ቀደም ብሎ ቢዘጋ ይሻላል፤ ካልሆነ ሮተሩ አየሩን ማመቅ ሲጀምር ከፊሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በሩጫ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ሲደርስ ወዲያው መቆም እንደማይችል ሁሉ፣ በቱቦው ውስጥ የፈጠነው አየርም ሮተሩ ማመቅ ከጀመረ በኋላ እንኳ መግባቱን ይቀጥላል፤ ቀዳዳው ዘግይቶ ቢዘጋ ተጨማሪ አየር ይገኛል። አንድ ቋሚ ቀዳዳ ሁለቱን ሊያስደስት አይችልም። የከተማ መንዳት የሚወደው የእሽቅድምድም ዙር ላይ ያፍናል፤ እሽቅድምድም የሚወደው መብራት ላይ ሲነሳ ይንተፋተፋል።

የማዝዳ መሐንዲሶች መልስ፣ ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ሳይሆን ሦስት የአየር መግቢያ በር መስጠት ሆነ። በአርኤክስ-7 ላይ ያለው 13ቢ የተባለው ሞተር እያንዳንዳቸው 654 ሲሲ የሆኑ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በድምሩ 1,308 ሲሲ። አንደኛው በር በመሃለኛው ግድግዳ ላይ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በዳርኛው ግድግዳ ላይ። አንደኛውና ሁለተኛው ሁልጊዜ ይሠራሉ። ሦስተኛው፣ ዘግይቶ የሚዘጋው፣ ቱቦው ውስጥ በጎኑ መስኮት የወጣለት ክፍት በርሜል ተቀምጦበታል። በርሜሉ ሲዞር መስኮቱ ከቀዳዳው ጋር ይገጥምና አየር ያልፋል፤ ሲመለስ ይዘጋል። ይህን በርሜል የሚያዞረው ከሞተሩ ውጭ የሚታይ፣ ውስጡ ዲያፍራም ያለው ትንሽ ጣሳና ዘንግ ነው። ዲያፍራሙ ግፊት ሲደርሰው ዘንጉን ይገፋል።

ግፊቱ ከየት ይመጣል? ከ1986 እስከ 1988 በተሠሩት ላይ የሚመጣው ከጭስ ማውጫው ነው። እኔ ይህን አሠራር ሳየው ሁልጊዜ እደነቃለሁ። በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ የሚለው ብዙ ጭስ ሲያልፍ ነው፤ ብዙ ጭስ የሚያልፈው ደግሞ ዙሩ ከፍ ሲልና ሹፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ያ ቀጭን ቱቦ የሚያደርሰው ግፊት ብቻ አልነበረም። ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ የሚናገር መረጃም ነበር። ኮምፒውተር የለ፣ ሽቦ የለ፤ ዙርንና ጭነትን ባንድ ጊዜ የሚለካ መሣሪያ ግን አለ።

ከ1989 እስከ 1991 ባሉት ላይ ይህ ተለወጠ። ለጭስ ማጽጃው አየር የሚሰጠው ፓምፕ ግፊቱን እንዲሰጥ ሆነ፤ መቼ እንደሚደርስ የሚወስነው ኮምፒውተሩ በሚያዘው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ነው፤ የሚከፈተውም በ3,800 ዙር አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የቱቦዎቹን ርዝመት የሚቀይር ሌላ ቫልቭም ተጨመረ። በአሜሪካ ገበያ 146 የነበረው የፈረስ ጉልበት በእነዚህና በሌሎች ማሻሻያዎች 160 ደረሰ።

የእነዚህ ኋለኞቹ ባለቤት የሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአየር ፓምፑን አውጥታችሁ የፋብሪካውን ኮምፒውተር ከተዋችሁት አዲስ የዙር ማብሪያ አያስፈልጋችሁም። ማብሪያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ የጎደላችሁ ግፊት ብቻ ነው። ሰው ጤነኛ ገመድ ቆርጦ አዲስ መሣሪያ ሲደርብበት ማየት ያሳዝነኛል።

ማብሪያው የሚያስፈልገው እንግዲህ የቀድሞው ባለ ጭስ ግፊት ሞተር ማርሚታው ሲቀየር፣ ወይም በኋለኛው ላይ ሌላ ኮምፒውተር ሲገጠም ነው። አንዳንዶች በርሜሎቹን ክፍት አድርገው ያስሯቸዋል። ለእሽቅድምድም ሜዳ ብቻ ለሚወጣ መኪና አልቃወምም። በመንገድ ለሚነዳ ግን ከታች ያለውን ጉልበት በከንቱ መጣል ነው፤ ፋብሪካው ለሁለት ያሰበውን ሞተር ወደ አንድ ማሳነስ ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ከገመዱ በፊት ዘንጎቹን በእጅ አዙሯቸው። ካርቦን በርሜሉን የሚያጣብቀው አልፎ አልፎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ነው። የተጣበቀ በርሜል ላይ የተዘረጋ ሽቦ ድካም ብቻ ነው። ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በእጅ ፓምፕ ዝቅተኛ ግፊት ስጡት፤ ዘንጉ እስከ ጥጉ ሄዶ ግፊቱ ሲለቀቅ ራሱ መመለስ አለበት።

የግፊቱ ምንጭ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ከመግቢያ ቱቦው የሚገኘውን ቫኩም እንጠቀም የሚሉ አሉ። ዲያፍራሙ የሚሠራው በመገፋት እንጂ በመሳብ አይደለም፤ ደግሞም ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ቫኩሙ ይጠፋል፤ ሦስተኛው በር የሚፈለገው በትክክል ያን ጊዜ ነው። በፓምፑና በዲያፍራሙ መካከል የሚገባው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ባለ ሦስት አፍ ይሁን። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ከዲያፍራሙ ያለውን አየር ወደ ውጭ መልቀቅ አለበት። ባለ ሁለት አፍ ከሆነ ግፊቱ ውስጥ ይታገታል፤ በሩ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።

አሁን ማብሪያው። አብዛኞቹ የዙር ማብሪያዎች አራት ነገር ይፈልጋሉ፤ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣ ፖዘቲቭ፣ ማሳ፣ ዙር የሚቆጠርበት ምልክት፣ እና መውጫ። መውጫው ብዙ ጊዜ የተወሰነው ዙር ሲደርስ ወደ ማሳ የሚዘጋ ነው፤ ብዙ አምፒርም አይችልም። ስለዚህ ሪሌ ጨምሩ። ቁጥሮቹ የትም አገር ጋራዥ የምታውቋቸው ናቸው። 86 ላይ በፊውዝ የመጣ የቁልፍ ፖዘቲቭ፤ 85 ላይ የማብሪያው መውጫ፤ 30 ላይ ከባትሪ በራሱ ፊውዝ የመጣ ገመድ፤ 87 ከኤሌክትሪክ ቫልቩ አንደኛ ጫፍ ጋር፤ የቫልቩ ሌላ ጫፍ ከማሳ ጋር። የሪሌው ጥቅል ሲጠፋ የሚረጨው የቮልቴጅ ምት ማብሪያውን እንዳያቃጥል በ85 እና 86 መካከል ዳዮድ ይግባ፤ ባለ መስመሩ ጫፍ ወደ 86 ይሁን። ፓምፑን በዚሁ ሪሌ አትጫኑት፤ የራሱ ይኑረው።

ሮተሪ ሞተር ከሌላው የሚለይበት፣ ሰውም በብዛት የሚሳሳትበት፣ የዙር ምልክቱ ነው። ማብሪያው «ስንት ሲሊንደር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ባለ ሁለት ሮተር ስለሆነ ሁለት ብሎ መመለስ ይቀናል። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር የኃይል ዘንጉ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሮተሩ ግን ሦስት ፊት ስላለው ዘንጉ በዞረ ቁጥር እያንዳንዱ ሮተር አንድ ጊዜ ያነዳል። ሁለቱ ሮተሮች በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያነዳሉ። ይህ ባለ አራት ሲሊንደር የፒስቶን ሞተር የሚሰጠው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ካንዴላ አለው፤ ቀዳሚና ተከታይ። በዚህ ሞዴል የቀዳሚዎቹ ቦቢና በዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ ምልክቱን ከእርሱ ከወሰዳችሁ ማብሪያውን አራት ሲሊንደር ላይ አድርጉት። ከተከታዮቹ ቦቢናዎች ከአንዱ ከወሰዳችሁ ግን ምልክቱ በዙር አንድ ብቻ ነው፤ መልሱም ሁለት ሲሊንደር ይሆናል።

ስህተቱ ምን ያመጣል? የቀዳሚውን ምልክት ሁለት ሲሊንደር ላይ ብታነቡት ማብሪያው እጥፍ ይቆጥራል፤ 3,800 ያላችሁት በር በ1,900 ይከፈታል። ስምንት ላይ ብታነቡት ግማሹን ይቆጥራል፤ በሩ በ7,600 ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ መኪናዎች ቀይ መስመር 7,000 ስለሆነ ጨርሶ አይከፈትም። ስለዚህ መጀመሪያ ነጥቡን 2,000 ላይ አድርጋችሁ መኪናው ቆሞ ሳለ ዙሩን ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉ፤ ሪሌው ቀጭ የሚልበትን ከዳሽቦርዱ ቆጣሪ ጋር አስተያዩ። በቦቢናው ኔጋቲቭ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር የቮልት ምት እንዳለም አትርሱ፤ ማብሪያው ያንን በቀጥታ የሚቀበል መሆኑን ሳታረጋግጡ አታገናኙ። ገመዱን ከጭስ ማውጫው አርቁት፤ የሮተሪ ጭስ ከፒስቶን ሞተር ጭስ የበለጠ ይግላል።

መክፈቻውና መዝጊያውም አንድ ቁጥር ላይ አይሁኑ። በ3,800 የሚከፍት፣ ወደ 3,500 ሲወርድ የሚዘጋ ካልሆነ፣ በዚያ ዙር የሚጓዝ መኪና በርሜሎቹን ያለ ዕረፍት ያንቀጠቅጣቸዋል።

እዚህ ድረስ የሠራ ሰው የሚሠራ ነገር አለው። ግን ዙርን ብቻ የሚያውቅ ነገር ነው። የጭሱ ግፊት ሁለት ነገር ያውቅ ነበር። ሹፌሩ ነዳጁን ነካ ብቻ አድርጎ በ4,000 ዙር ሲጓዝ የጭሱ ግፊት በሩን ዘግቶ ሊተወው ይችላል፤ የዙር ማብሪያው ግን ይከፍተዋል። ያለ ጭነት የተከፈተ በር የአየሩን ፍጥነት በሁሉም ቱቦዎች ውስጥ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በነዳጅ መስጫው ላይ፣ ከግማሽ በላይ ሲከፈት የሚዘጋ ትንሽ ማብሪያ አስቀምጡና በ85 ገመድ ላይ በተከታታይ እሰሩት። ሪሌው የሚነሳው ዙሩም ጭነቱም ሲስማሙ ብቻ ይሆናል። ጥቂት ብር የሚያወጣ ዕቃ ነው፤ የማርሚታው ለውጥ የወሰደውን ግማሽ ዕውቀት ይመልሳል። ብዙዎች ይህን ማብሪያ እንደ ትርፍ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ አስፈላጊው ነው እላለሁ።

ነዳጁን በተመለከተ፣ የፋብሪካው ኮምፒውተር የሚገባውን አየር በቀጥታ ስለሚለካ በሩ ሲከፈት ነዳጁን ራሱ ያስተካክላል። አየሩን ከግፊትና ከዙር የሚያሰላ ሌላ ኮምፒውተር ከገጠማችሁ ግን በሩ የሚከፈትበት ነጥብ በነዳጅ ሠንጠረዡ ላይ በደንብ መታየት አለበት፤ አለዚያ በዚያች ቅጽበት ድብልቁ ይሳሳል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ የሮተሩን ጫፍ ማሸጊያዎች ይጎዳል።

ማዝዳ ይህንኑ ጥያቄ እስከ መጨረሻው ገፍቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ባለ አራት ሮተሩ 787ቢ ርዝመታቸው ያለማቋረጥ የሚቀያየር የአየር ቱቦዎች ነበሩት፤ በ2003 የወጣው ባለ ከፍተኛ ጉልበቱ አርኤክስ-8 ደግሞ ሦስተኛውን በር በኤሌክትሪክ ሞተር ያዞር ነበር።

የቀረው የመክፈቻው ቁጥር ነው። 3,800 የኋለኛው የፋብሪካ ሞተር ቁጥር ነው፤ ለእናንተ ማርሚታና ቱቦ ላይስማማ ይችላል። ጉልበት መለኪያ ላይ መኪናውን አንድ ጊዜ በሩን ዘግታችሁ፣ አንድ ጊዜ ከፍታችሁ ሙሉ ነዳጅ እየሰጣችሁ አስኬዱት። ሁለቱን የጉተታ መስመሮች በአንድ ወረቀት ላይ ስትደራርቧቸው ከታች የተዘጋው ይበልጣል፣ ከላይ የተከፈተው ይበልጣል፤ በአንድ ቦታ ይተላለፋሉ። የሚተላለፉበት ዙር የእናንተ ቁጥር ነው። እዚያ ላይ ከተከፈተ ሹፌሩ ምንም መንደርደር አይሰማውም፤ ጉተታው ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ማርሚታውን ወይም የአየር ማጣሪያውን ዳግም በቀየራችሁ ጊዜ ግን መስመሮቹ ስለሚንቀሳቀሱ ልኬቱን መድገም ይኖርባችኋል።