ትዝታ በሸክላና በኮንክሪት መካከል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ዘፈን ሲናገር አድማጭ ከሁለት አንዱን ይጠረጥራል፤ ወይ ሥራ ፈትቷል፣ ወይ ሥራውን ጠልቷል። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ስለ ሕንፃ የድምፅ ጠባይ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ቀመሩን ብቻ ከመደርደር ይልቅ፣ ቀመሩ ምን ለማዳን እንደሚያገለግል ማሳየት ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ሊድን የሚገባው ነገር ደግሞ ይህች ከተማ በሸክላ ቀርጻ ለዓለም ያሰማችው ትዝታ ነው።

እንደሚታወቀው ትዝታ የሚለው ቃል ሦስት ነገር ይሸከማል። ስሜት ነው፤ ዘፈን ነው፤ ቅኝትም ነው። ዋና ዋናዎቹ ቅኝቶቻችን በተለምዶ አራት ተብለው ይቆጠራሉ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። ባቲ የወሎ የገበያ ከተማ፣ አምባሰልም እዚያው ወሎ የሚገኝ ተራራና አገር መሆናቸውን ላስተዋለ ሰው፣ የአዲስ አበባ ዘመናዊ ዘፈን ሥሩ ወዴት እንደሚወርድ ለማወቅ ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

የውጭ አገር ሰዎች ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። በፈረንሳይ በሚታተመው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው 10ኛው አልበም ርእሱ ራሱ ትዝታን ከብሉዝ ጋር ያጣመረ ነው። ጌታቸው ካሣ ትዝታን አንድ ጊዜ በዝግታ፣ ሌላ ጊዜ በፍጥነት የተጫወተው፣ የሰይፉ ዮሐንስም ትዝታ በዚሁ አልበም ይገኛሉ። ስያሜው ለገበያ ይመች ይሆናል፤ ነገር ግን እንደ መሐንዲስ ስንለካው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ብሉዝ በአብዛኛው በ12 ምት ቤቶች ውስጥ ሦስት ኅብረ ድምፆችን እያፈራረቀ የሚዞር ነው። ትዝታ ግን እንዲህ ያለ ዙር የለውም፤ አንድ መነሻ ድምፅ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በድምፆቹም ቢሆን፣ ትልቁ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን፣ የብሉዝ መሠረት የሆነው ባለ አምስት ድምፅ መሰላል ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ሲ ነው። ይህ ደግሞ የእኛው ትንሹ ባቲ ነው! እንግዲህ በድምፅ ብቻ ከሆነ የብሉዝ ዘመድ መባል የሚገባው ባቲ እንጂ ትዝታ አልነበረም። (ዝምድና ማለቴም አይደለም፤ ከአሥራ ሁለት ድምፅ አምስት የሚመርጡ ሁለት ሕዝቦች አንዳንድ ጊዜ መገጣጠማቸው አይቀርም።)

እውነተኛው ተመሳሳይነት ያለው በጉዞው ላይ ይመስለኛል። ሙዲ ወተርስ በሚሲሲፒ ገጠር እ.ኤ.አ. በ1941 ድምፁ ሲቀረጽ የያዘው ተራ የእንጨት ጊታር ነበር። በ1943 ወደ ቺካጎ ሄደ፤ በከተማው መጠጥ ቤቶች ጫጫታ ውስጥ ያ ጊታር ስለማይሰማ የኤሌክትሪክ ጊታር አነሣ። የገጠሩ ዜማ ሳይለወጥ ድምፁ ከአዳራሹ ጋር ተስተካከለ ማለት ነው። በ1958 የወጣው የመጀመሪያ አልበሙም ቀደም ሲል ነጠላ ነጠላ ሆነው የወጡ ሸክላዎች ስብስብ ነበር።

የእኛም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በማሲንቆና በክራር የኖረው ቅኝት በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ኦርኬስትራዎች በኩል ወደ ናስ መሣሪያዎች ተሸጋገረ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን ሲያንጎራጉር፣ መሣሪያው አውሮፓ ውስጥ መሠራቱን የሚያስታውስ አድማጭ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ደግሞ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ዐምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መሆኑን እያወቀ፣ ዐምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ያህል አልበሞችን አወጣ። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው የሚታተመው በውጭ አገር ነበር። ዐምሃ በ2021 ዓረፈ፤ ከእርሱ ጎን ካይፋ ሪከርድስም ሊነሣ ይገባዋል፤ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው «እሬ መላ መላ» የወጣው በካይፋ ነውና። ይኸው ሥራ በ1986 በቤልጅግ እንደገና ሲታተም፣ አውሮፓ ስለ አዲስ አበባ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ሰማ።

አሁን ወደ ሙያችን ልመለስ። እነዚያ ዜማዎች የተወለዱበት ክፍል ምን ዓይነት ነበር? የድሮው የአዲስ አበባ ጠጅ ቤት የጭቃ ግድግዳ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ቄጠማ የተጎዘጎዘበት ወለልና ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጋ እንግዳ ነበረው። ማንም ሰው ስለ አኩስቲክስ አስቦ አልሠራውም። ሆኖም ከበስተኋላው አየር ያለው የተወጠረ ጨርቅ ድምፅን ይመጥጣል፤ ሸካራው ግድግዳ ድምፅን ይበትናል፤ ከሁሉም በላይ የሰው ልብስና ገላ ይመጥጣል። አዝማሪው ያለ ማይክሮፎን የሚናገራት እያንዳንዷ ቃል በር አጠገብ ለተቀመጠው ሳትቀር ትደርሰዋለች።

ቃሉ መድረሱ ለእኛ ዘፈን ከጌጥ በላይ ነው። የአማርኛ ሰምና ወርቅ ብዙ ጊዜ የሚፈታው በመጥበቅና በመላላት ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነገር በላተኛው፣ ጠብቆ ሲነገር የሚበላው ይገባናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከንፈር ተገጥሞ የሚቆይባት ከሰከንድ አንድ አሥረኛ የማትሞላ ዝምታ ናት። አዳራሹ የቀደመውን ድምፅ ይዞ የሚያስተጋባ ከሆነ ያቺ ዝምታ ትሞላለች፤ ወርቁም እዚያው ይቀበራል።

እነሆ ዛሬ የከተማው ሌሊት ወደ ምሥራቅ ተዛውሯል። በርካታ አዝማሪ ቤቶች የነበሩበት ካዛንቺስ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ፈርሷል። ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከመገናኛ እስከ ገርጂና ሲኤምሲ ባሉት ሕንፃዎች ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ ላይ ማሲንቆው ተከራይ ሆኗል። ማሕሙድ አሕመድም በጥር 2017 ዓ.ም. ሕዝቡን የተሰናበተው እዚሁ ቦሌ፣ ሚሌኒየም አዳራሽ ውስጥ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን የማላነሣው አንድ የቦሌ ሕንፃ ባለቤት «ዘፋኙ አይሰማም» ብሎ ጠርቶኝ ነበር። ችግሩ የድምፅ ማጉያ ማነስ መስሎት ሁለት ተጨማሪ ገዝቷል። አዳራሹ 20 ሜትር በ12 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ልስን ኮንክሪት፣ ግድግዳው መስተዋትና እብነ በረድ። በሳቢን ቀመር እናስላው። ይዘቱ 960 ሜትር ኩብ፣ ጠቅላላ ገጹ 736 ካሬ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ገጽ ከሚደርስበት ድምፅ 3 በመቶ ያህል ብቻ ስለሚመጥጥ፣ የመምጠጥ አቅሙ 22 ካሬ ሜትር ብቻ ይሆናል። 0.161 በ960 ተባዝቶ ለ22 ሲካፈል፣ ባዶው አዳራሽ አንድን ድምፅ 7 ሰከንድ ያህል ይዞ ያስተጋባል። መቶ እንግዳ ሲገባ፣ ለአንድ ሰው 0.45 ካሬ ሜትር ብንይዝ፣ ጊዜው ወደ 2.3 ሰከንድ ይወርዳል። ቃል እንዲለይ ግን ወደ 1 ሰከንድ መጠጋት አለበት። ድምፅ ማጉያ መጨመር ደግሞ ቃሉንም ጭራውንም እኩል ያሳድጋል እንጂ አንዱን ከሌላው አይለይም።

መድኃኒቱ ውድ አልነበረም። ከጣሪያው ግማሹን፣ 120 ካሬ ሜትር ያህል፣ 70 በመቶ በሚመጥጥ ነገር ብንሸፍነው ጊዜው 1.05 ሰከንድ ግድም ይሆናል። የድንጋይ ሱፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኮንክሪቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢሰቀል ይበቃል፤ በሌላ አነጋገር የአያቶቻችን አቡጀዲ ኮርኒስ ተመለሰ ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ በመጀመሪያው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ድምፅ መጣጭ ኮርኒስ ነበረ፤ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ግን በመጀመሪያ የተሰረዘው እርሱ ነው። እብነ በረዱ አልተነካም።

ስለ ሸክላውና ስለ ቴፑ አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት የመቅረጫ ቴፖች ብዙዎቹ እርጥበት እየሳቡ ማግኔቱን ያጣበቀው ሙጫ ይበላሻል፤ ሲጫወቱም ይጣበቃሉ፣ ይላጣሉ። በ50 ዲግሪ ገደማ ለብዙ ሰዓት በጥንቃቄ ማሞቅ ለጊዜው ያድናቸዋል፤ በዚያች ዕድል ወዲያው መቅዳት ነው። ሥራው የሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሁለቱም ከመካከላችን አይጠፉም። እንዲህ ያለ ቴፕ በቤተሰብ ቁም ሣጥን ላይ ያለው ባልደረባ ካለ፣ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ብሎ በማጫወቻው ላይ እንዳይሞክረው አደራ እላለሁ።

ስለ አዳራሾቹ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማኅበራችን ለሕዝብ መሰብሰቢያና ለሙዚቃ ቤቶች የማስተጋባት ጊዜ ወሰን የሚያመለክት የአንድ ገጽ መመሪያ አዘጋጅቶ ለአባላቱ ያድል፤ የሥራ ዝርዝር ሲከለስም መጣጩ ጣሪያ ከመሰረዙ በፊት ስሌቱ ለባለቤቱ ይታይ። ለዚህም አስቀድመን መለካት ይገባናል። መሣሪያው የሚፈነዳ ፊኛና አንድ ጥሩ ማይክሮፎን ነው። በቦሌና በመገናኛ ዙሪያ አሥር አዳራሾችን በዚህ ዓመት ለመለካት አስቤአለሁ፤ አብረውኝ ሊሠሩ የሚፈቅዱ ባልደረቦች በሻይ ዕረፍቱ ጊዜ ስማቸውን ቢሰጡኝ እወዳለሁ። አዳራሹ ባዶ በሚሆንበት በጠዋት ነው የምንሄደው።