ፀጉር ሲረግፍ አትቸኩሉ
(በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ትምህርት ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርእሳችን ለአንዳንዶች ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ስለ ፀጉር ነው። ነገር ግን በሽንፋም ሆነ በኮኪት፣ በገንዳ ውኃም ሆነ በመተማ ዮሐንስ፣ ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር እያየች በድብቅ የምታለቅስ እህት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ነገሩን አይንቀውም። ጥያቄዎቹም ይመጣሉ። አንዷ «ከወለድኩ ወዲህ ፀጉሬ እያለቀ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ለማሳደግ ብዙ ደክሜያለሁ፤ ከትከሻዬ ግን አያልፍም» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ «የሰው ፀጉር ብቀጥል ወይም ከሱዳን በሚመጣው ጥቁር ሂና ብሸፍነው ምን አለበት?» ብላ ትጠይቃለች። ሦስቱም ጥያቄዎች መልሳቸው ይገናኛል፤ አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

በመጀመሪያ፣ ስለ ፀጉር መጨነቅ ከንቱ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፀጉር ያለው ሰው ፀጉሩን እንዲያከብር ማዘዛቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ አቡ ዳውድም ዘግበውታል። የእርሳቸው ፀጉር አንዳንዴ እስከ ጆሯቸው፣ አንዳንዴም እስከ ትከሻቸው ይደርስ ነበር። መካ በገቡ ጊዜ ፀጉራቸው በ4 ተጎንጉኖ እንዳየቻቸው ኡሙ ሃኒእ (ረ.ዐ) ተናግራለች። በመስጊድ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉም ራሳቸውን ወደ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍል አቅርበው ታበጥርላቸው ነበር። በዚያው ልክ ግን ሰው ቀኑን ሁሉ በመስተዋት ፊት እንዳይውል፣ ማበጠሩን ቀን ዘለል እንዲያደርገው መክረዋል። እንግዲህ ዲናችን ፀጉርን መጣልንም ማምለክንም ሳይሆን በልክ መንከባከብን ነው ያስተማረን።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ እህት ጥያቄ እንምጣ። ፀጉር መርገፉ በራሱ በሽታ አይደለም። በሰው ራስ ላይ ወደ 100,000 የሚጠጋ የፀጉር ዘለላ አለ። እያንዳንዱ ዘለላ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያህል ያድጋል፣ ቀጥሎ ለ3 ወር ገደማ ያርፋል፣ ከዚያም ወድቆ በቦታው ሌላ ይበቅላል። ስለዚህ ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል። ሹሩባ ተሠርታ ለሁለት ሳምንት የቆየች እህት ስትፈታው የምታየው የአንድ ቀን ሳይሆን የ14 ቀን ርጋፊ ነው፤ ከ700 እስከ 1,400 ዘለላ ማለት ነው። እፍኝ ሙሉ ፀጉር ብታይ አትደንግጥ።

ከዚህ የበዛ ርጋፊስ? ብዙውን ጊዜ መንስኤው ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት የደረሰ ነገር ነው። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ወሊድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ድንገተኛ ክሳት ወይም ከባድ ሐዘን ሲደርስ፣ እያደገ የነበረው ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ወደ እረፍት ይገባል፤ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም አብሮ ይረግፋል። የእኛን ቆላ አስቡት። ክረምቱ ሲወጣ፣ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ወባ ይበረታል። በመስከረም ወይም በጥቅምት ወባ የጣላት እህት ፀጉሯ የሚረግፈው በታኅሣሥና በጥር ነው። እሷ ግን ወባውን ረስታዋለች። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የገዛችውን ቅባት ትወቅሳለች፣ ወይም «ጎረቤት በዓይን በላችኝ» ትላለች። ዓይን ሐቅ መሆኑን ነብያችን ነግረውናል። ነገር ግን ያለ ማስረጃ ጎረቤትን መጠርጠር ደግሞ ወንጀል ነው። ወደኋላ ሦስት ወር ቆጥራችሁ ምን እንደደረሰባችሁ አስቡ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ቤታቸውን ጥለው በመተማ በኩል የገቡ እህቶችም አሉ። ረኃብና ድንጋጤ የደረሰበት ሰው ፀጉሩ ቢረግፍ አይገርምም። እንዲህ ያለው ርጋፊ መንስኤው ካለፈ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ ይቆማል፣ ፀጉሩም ይመለሳል። የሚያስፈልገው ሰብር ነው፤ በቂ ምግብ ነው፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ጎመን፣ ከተገኘም እንቁላልና ሥጋ።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ርጋፊው ከ6 ወር ካለፈ፣ ድካምና የፊት መገርጣት ካለ፣ አንገት ላይ እንቅርት ካበጠ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ችግር ሊሆን ይችላልና። የልጆቻችሁ ራስ ላይ ክብ ሆኖ የሚላጥና ቅርፊት የሚያወጣ ነገር ካያችሁ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ የራስ ጭርት ደግሞ በሚቀባ ብቻ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አውርዷልና መታከም ተወኩልን አይቃረንም።

ሁለተኛዋ እህት «አያድግም» ብላለች። እውነቱ ግን ፀጉሯ ያድጋል፤ ችግሩ ጫፉ መሰበሩ ነው። ፀጉር በወር 1 ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል። ከሥሩ 1 ሳንቲሜትር አድጎ ከጫፉም 1 ሳንቲሜትር ከተሰበረ ርዝመቱ ባለበት ይቆማል። ልዩነቱን እንዲህ ለዩት፦ ከሥሩ የረገፈ ዘለላ ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ፍሬ ይኖረዋል። የተሰበረው ግን አጭር ነው፣ ፍሬም የለውም።

የሚሰብረው ምንድን ነው? የቆላው ፀሐይና አቧራ አንዱ ነው። በልብስ ሳሙና መታጠብ ሌላው ነው። በካውያና በፔስትራ መተኮስ፣ ሪላክሰር የሚባለውን ማለስለሻ ደጋግሞ መቀባት፣ ደረቅ ፀጉርን በጥቃቅን ማበጠሪያ ከሥር ጀምሮ መጎተት ሁሉ ይሰብራል። ስለዚህ ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ፀጉሩን ትንሽ አርጥባችሁ፣ ከጫፉ ጀምራችሁ ወደ ሥሩ ውጡ። የተሰነጠቀውን ጫፍ በየጊዜው ትንሽ ቁረጡት፤ መቁረጡ ፀጉርን ፈጥኖ አያሳድግም፣ ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይወጣ ግን ይከላከላል።

አገራችን የሰሊጥ አገር ናት። የሰሊጥ ዘይት፣ ሱዳኖች ከርከር የሚሉት ቅባት፣ የእናቶቻችን ቅቤም ለደረቅ ፀጉር ጠቃሚ ናቸው፤ ፀጉሩን ያለሰልሳሉ፣ እንዳይሰበርም ይረዳሉ። ከሥሩ አዲስ ፀጉር ያበቅላሉ ማለት ግን አይደለም። በቀጭኑ ተቀቡ፣ በሳምንት አንዴም እጠቡት።

ሹሩባ ፀጉርን ከመሰበር የሚጠብቅ ጥሩ ነገር ነው፤ ተጠብቆ ሲሠራ ግን ጠላት ይሆናል። ተሠርታ በተነሳች ማግስት ራሷን የሚያማት፣ ግንባሯ ዳር ትናንሽ ብጉር የሚወጣባት ሴት ልጅ ሹሩባዋ በዝቶ ተወጥሯል ማለት ነው። ይህ ከተደጋገመ በግንባርና በጆሮ ግንድ አካባቢ ያለው ፀጉር ይነቀላል። በጊዜ ከተተወ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኖ ፈጽሞ ላይመለስ ይችላል። እናቶች፣ የትናንሽ ልጆቻችሁን ፀጉር ላላ አድርጋችሁ ሥሩ።

ሂጃብ ፀጉር ያረግፋል የሚባለው ወሬ መሠረት የለውም። ነገር ግን እርጥብ ፀጉርን ሸፍኖ መዋል፣ ከሥር የሚታሰረውንም አጥብቆ ማሰር ይጎዳል። አድርቃችሁ ሸፍኑ፣ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ቤት ስትገቡ ፀጉራችሁን አናፍሱት።

ሹሩባን በየጊዜው መፍታት ለምትፈሩ እህቶች በሸሪዓችን ገርነት አለ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ጉንጉኗን አጥብቃ የምትሠራ ሴት ስለነበረች ለጀናባ ትጥበት ልትፈታው ይገባ እንደሆነ ረሱልን ጠየቀች። እርሳቸውም መፍታት እንደማያስፈልጋት፣ 3 ጊዜ በእፍኟ ውኃ ራሷ ላይ ብታፈስ እንደሚበቃት ነገሯት፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ከሐይድ ትጥበት ላይ ግን መፍታት ይገባል ያሉ ዑለማዎች አሉ። በሁለቱም ውኃው የፀጉሩ ሥር መድረስ አለበት፤ ውኃ የሚከለክል ወፍራም ቅቤ ካለ ይወገድ።

ወደ ሦስተኛዋ እህት ጥያቄ እንሂድ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው፣ አንዲት እናት ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ ልጇ ሙሽራ መሆኗን፣ ታማም ፀጉሯ መርገፉን ነግራ ልትቀጥልላት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የእናት ጭንቀት፣ የሙሽራ ችግር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከየት ይመጣል? ሆኖም አልፈቀዱላትም፤ የምትቀጥለውንም የምታስቀጥለውንም ረገሙ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዛሬ «ሂዩማን ሄር» እየተባለ የሚሸጠው የሰው ፀጉር በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል። ፀጉር ስላልሆነ ነገር፣ ለምሳሌ ስለ ክርና ሐር፣ ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ከሕክምና አንጻርም የተቀጠለ ፀጉር ክብደቱ የደከመውን ፀጉር ይጎትተዋል፤ ለመሸፈን የተደረገው ነገር ርጋፊውን ያብሳል።

ጥቁር ሂና ግን ከዚህም የከፋ ነው፤ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነውና ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ንጹሕ ሂና ቅጠል ነው፣ ቀለሙም ወደ ቀይና ቡናማ ያደላል፤ እስኪይዝ ሰዓታት ይፈጃል። በደቂቃዎች ውስጥ አጥቁሮ የሚይዝ ከሆነ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። ያም ሱዳኖች ሰብጋ የሚሉት፣ በኬሚካል ስሙ ፓራፌኒሊን ዳያሚን የተባለው ነው። በሱዳን ሐኪሞች በዚህ ምክንያት የተመረዙ ሴቶችንና ሕፃናትን ማየት ከጀመሩ ከ40 ዓመት በላይ ሆኗል። ፊትና አንገት ያብጣል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ኩላሊት ሥራ ያቆማል። በተለይ የተዋጠ እንደሆነ ይገድላል። እንዲህ ያለ ቀለም በቤታችሁ ካለ ልጆች ከሚደርሱበት አርቁት፤ የተሻለው ግን ጨርሶ ማስወገድ ነው። ማበጥ የጀመረ ሰው ካለ ወተትና ማር እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም አድርሱት። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት የአቡ በክር አባት አቡ ቁሓፋ ፀጉራቸው ፍጹም ነጭ ሆኖ ሲመጡ፣ ረሱል ሽበቱን እንዲቀይሩላቸው፣ ጥቁርን ግን እንዲርቁ አዘዋል። ንጹሑ ሂና ይበቃናል።

ለወንዶችም አንድ ቃል አለኝ። ብዙዋን እህት ወደ ቅጥያውና ወደ ጥቁሩ ቀለም የሚገፋት የባል ሹፈት ነው። ልጅህን 9 ወር ተሸክማ የወለደችልህ ሚስት ፀጉሯ ሲረግፍ «ምነው አረጀሽ» የምትላት ወንድሜ፣ አላህን ፍራ። ያ ፀጉር የረገፈው ልጅህን በመውለዷ ነው፤ በወራት ውስጥም ይመለሳል። አንተ የተናገርከው ቃል ግን ከልቧ ላይወጣ ይችላል። የሰሊጥ ዘይት ገዝተህ ግባ፣ ምግቧን አሟላላት፣ «አይዞሽ» በላት።

እንግዲህ እህቶቼ፣ አላህ የሰጣችሁ ፀጉር በእጃችሁ ያለ አማና ነው። ቢረግፍ ሦስት ወር ወደኋላ ቁጠሩ፣ ስድስት ወር ታገሡ። ቢሰበር እጃችሁን አለስልሱ። ካልቆመ ታከሙ። በችኮላ የሚገዛ ነገር ግን ያለውንም ያሳጣችኋልና ተጠንቀቁ።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ የተሰደዱትን ወደ ቤታቸው በሰላም ይመልስልን፣ ለቤቶቻችን እዝነትን ይስጥልን። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።