የመቅደላው ልጅና የእንግሊዝ የልጆች መጻሕፍት

(በመገናኛ አካባቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን አርእስት «በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩ የእንግሊዝ የልጆች መጻሕፍትና ደራሲዎቻቸው» የሚል ነው። አርእስቱ በተነገረን ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ሳንሸፋፍን ልንመልስለት እንሞክራለን። ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑን የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ለልጆች የሚታተመው መጽሐፍ እንደ አሸን የፈላው ደራሲ ድንገት ከሰማይ ስለ ወረደላቸው አይደለም። በወረቀት ላይ የነበረው ቀረጥ በ1861 ቀረ፤ መጽሐፍም ረከሰ። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ ደግሞ የድኻው ልጅ ሳይቀር ፊደል የሚቈጥርበትን መንገድ ከፈተ። እንደ ኤድመንድ ኢቫንስ ያሉ አታሚዎች በእንጨት ላይ እየቀረጹ ባለ ቀለም ሥዕል ማተምን አሻሻሉ። ወረቀት፥ ተማሪ ቤትና ማተሚያ ቤት ሲገናኙ ደራሲው መጣ። ከዚያ በፊት ለልጅ የሚጻፈው አብዛኛው ምክርና ተግሣጽ ነበር፤ በዚህ በኩል ከእኛ አገር ብዙም አልራቁም።

መጻሕፍቱን በጥቂቱ እንጥራቸው። ቶማስ ሂውዝ በ1857 «የቶም ብራውን የትምህርት ቤት ዘመን» የተባለውን አሳተመ፤ ነገሩ ራግቢ በሚባለው ስመ ጥር አዳሪ ትምህርት ቤት ስለሚማር ልጅ ነው። ቻርልስ ኪንግስሊ የተባለው ቄስ በ1863 «የውኃ ሕፃናት»ን አወጣ፤ ባለ ታሪኩ የጢስ መውጫ ውስጥ እየገባ ጥላሸት የሚጠርግ ትንሽ ልጅ ነው። ይህን ሥራ በሕፃናት ማሠራት የሚከለክል ሕግ በ1864 ወጣ፤ የሚፈጽመው ጠፍቶ በ1875 እንደገና ሌላ ሕግ እስኪደረግ ድረስ ግን ልጆቹ እዚያው ጢስ ውስጥ ነበሩ። በ1865 ሉዊስ ካሮል በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው የኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ዶጅሰን አሊስ የተባለችውን ልጅ ጥንቸል ተከትላ ጕድጓድ አስገባት። ምክር የሌለበት፥ ለሣቅ ብቻ የተጻፈ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ይኸው ነው። በ1877 አና ስዌል ፈረስ ራሱ ስለ ራሱ የሚተርክበትን መጽሐፍ ጻፈች። የበቅሎና የአህያ ጀርባ ሲላጥ እያየን ላደግን ለእኛ ይህ መጽሐፍ ማብራሪያ አያሻውም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አሊስ ከታተመች ከሦስት ዓመት በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር፥ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ሰባት ዓመት አልሞላውም ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ትግራይ ውስጥ ዐረፉ። ሕፃኑን ባሻ ፈለቀ የምንለው ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ተሻገረ። መጀመሪያም የተቀመጠው ዋይት በምትባለው ደሴት ነበር።

በዚያች ደሴት ላይ ጁልያ ማርግሬት ካሜሮን የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበረች። የዓለማየሁን ፎቶግራፍ በ1868 ያነሣችው እርሷ ናት፤ ያ አንገቱን ደፋ አድርጎ በትካዜ የሚያየው ልጅ ዛሬ በየመጽሐፉ ላይ የምናገኘው ነው። ይህችው ሴት በ1872 አሊስ ሊደልን አንሥታለች፤ አሊስ ሊደል ማለት ሉዊስ ካሮል ተረቱን የነገራት እውነተኛዪቱ አሊስ ናት፤ በዚያን ጊዜ ልጅነቷን ጨርሳ ነበር። አንዲቱ ልጅ የመጽሐፍ መነሻ ሆነች፤ አንደኛው ልጅ የጦርነት ምርኮ። ሁለቱም በአንድ ሴት መሣሪያ ፊት ቆመዋል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። መንግሥቱ ልጁ በእንግሊዝ አገር ይማር ብሎ ስለ ወሰነ፥ አማርኛ ከሚያውቀው ከባሻ ፈለቀ ለይተው ለመምህር ጄክስ ብሌክ ሰጡት። ጄክስ ብሌክ በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆን ዓለማየሁም ራግቢ ገባ። ራግቢ የቶም ብራውን ትምህርት ቤት ነው፤ ሉዊስ ካሮልም በልጅነቱ የተማረው እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፤ አልሆነለትም። በመጨረሻ ሊድስ ከተማ አጠገብ በአስተማሪው በሲረል ራንሰም ቤት ተቀምጦ ሳለ ታመመና ኅዳር 14 ቀን 1879 ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። የሲረል ራንሰም ልጅ አርተር ራንሰም አራት ዓመት ያህል ቈይቶ ተወለደና በ1930 «ስዋሎስ ኤንድ አማዞንስ» የተባለውን ዝነኛ የልጆች መጽሐፍ ጻፈ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልጆች በጀልባ ይጫወታሉ፥ ይማረካሉ፥ ያመልጣሉ።

እንግዲህ የእንግሊዝ የልጆች መጻሕፍት በሚያብቡባቸው ዓመታት አንድ የኢትዮጵያ ልጅ በመካከላቸው አድጎ በመካከላቸው ሞተ። ለ«ምናችን ነው» መልሳችን ይህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ከናፒየር ጦር ጋር መቅደላ ከወጡት የጋዜጣ ወኪሎች አንዱ ጆርጅ ሄንቲ ነበር። በ1868 «ጕዞ ወደ መቅደላ» የሚል መጽሐፍ አወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዘመኑን በሙሉ ለወንዶች ልጆች ሲጽፍ ኖረና ከመቶ የሚበልጡ መጻሕፍት ትቶ በ1902 ሞተ። በአብዛኛዎቹ መጻሕፍቱ አንድ ጀግና የእንግሊዝ ልጅ ወደ ሩቅ አገር ይዘምታል፥ ያሸንፋል፥ ሀብት ይዞ ይመለሳል። በ1884 ስለ አሻንቲ ጦርነት በጻፈው ውስጥ አፍሪካውያን እንደ ሕፃናት ናቸው እየተባለ ለሕፃናት ይነገራል። ሌላው ወኪል ሄንሪ ስታንሊም በ1873 «ካሉሉ» የተባለ የልጆች መጽሐፍ አሳትሟል፤ ስሙን የወሰደው ከመካከለኛው አፍሪካ ይዞት ከመጣው ልጅ ነው፤ ልጁም በ1877 ከስታንሊ ጋር ሲጓዝ በወንዝ ሰጥሞ ሞተ። ሄንቲን አታንብቡ አንልም። የጽሑፉ ፍጥነት ይማርካል፤ የሚያሠጋውም እርሱ ነው፤ የ12 ዓመት ልጅ በጀግናው ጫማ ውስጥ ገብቶ ሲሮጥ የሚረግጠው ማንን እንደ ሆነ አያይም።

ከመቅደላ የተወሰደው ልጁ ብቻ እንዳልነበረም ታውቃላችሁ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንብረት ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለብሪቲሽ ሙዚየም ደረሱ። የእነርሱ ልጆች አዲስ መጽሐፍ በሚገዙበት ዓመት የእኛ ቆሎ ተማሪ የሚማርበት መጽሐፍ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወጣ።

በእኛስ በኩል ምን ተሠራ? ክቡር ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» የአንድ ትውልድ ልጆችን አስተምረዋል፤ ያም ቢሆን እንደ ቀድሞዎቹ እንግሊዞች ወደ ምክሩ ያደላል። በ2003 አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ከነበረው የቤተ መጻሕፍት ሥራቸው ተመልሰው እዚሁ መገናኛ አጠገብ፥ ሾላ፥ በመኖሪያ ቤታቸው የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ የሞኙን የማሞን ተረትም ባለ ቀለም ሥዕል አድርገው በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ልጅ ራሱ ከመደርደሪያ አንሥቶ የሚያነብበት ቦታ በዚህ ሠፈር እንዲህ ተጀመረ። መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ መሬት ላይ ከተዘረጉት መጻሕፍት መካከል ለፈተና ማጥኛና ለንግድ ምክር የሚሆነው ሞልቶ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆነው ጥቂት ነው፤ ከጥቂቱም ብዙው ከውጭ የመጣ ነው።

የዓለማየሁን ታሪክ ለልጆች የጻፈችው እንኳ እንግሊዛዊት ናት። በ1960ዎቹ በአገራችን አስተማሪ የነበረችው ኤልሳቤጥ ሌርድ በ2012 በእንግሊዝኛ አሳተመችው። በቅን ልብ የተጻፈ ነውና ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን መጽሐፉ ልዑሉን የሚያናግረው በተማሪ ቤት በተማረው ቋንቋ ነው። እቴጌ ጥሩወርቅ ልጃቸውን ሲያስተኙ የሚሉትን፥ ሞግዚቱ የምትጠራበትን የቁልምጫ ስም፥ ልጁ ሲፈራ በአፉ የሚመጣለትን ቃል ማስገባት የሚችል ሰው ከዚህ አዳራሽ መውጣት ይችላል። በ2023 አጽሙ ከዊንድሰር ይመለስልን ተብሎ ሲጠየቅ ቤተ መንግሥቱ የሌሎችን ሙታን ዕረፍት ሳናውክ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። መጽሐፉን ለመጻፍ ግን የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገንም።

ጥያቄ ያላችሁ ጓደኞቻችን ቀጥሉ።