ጭስ ማውጫውም የአባላት ንብረት ነው



ከዋዱ ዘመን፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በወላይታ ስለ ማኅበር ሲነሳ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይወሳል፤ የሕንፃ ጥገና ግን እምብዛም አይነሳም። የዳቦ ቤት የጡብ ጭስ ማውጫ ከላይ በበልግና በክረምት ዝናብ፣ ከውስጥ በእሳት ሙቀት ይጎዳል። ማልታው ሲረግፍ የእሳት ፍንጣሪ በስንጥቁ ወጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ያለውን የጣሪያ እንጨት ሊያያይዝ ይችላል።

ጥገናው በበጋ፣ ጡቡ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሠራል። የላላው ማልታ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተፍቆ ይወጣል፤ አቧራው ይጠረጋል፤ ጡቡ ይረጥባል። 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 1 እጅ ኖራ፣ 6 እጅ አሸዋ ይበቃል። ሲሚንቶ ማብዛት ጥንካሬ ይመስላል፤ ኋላ የሚሰነጠቀው ግን ጡቡ ነው። ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆያል። ወጪው የትርፍ ክፍፍል ከመወሰኑ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ይያዝ።