ሳናውቅ የሠራነው ባትሪ

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግሬን የምጀምረው በኑዛዜ ነው። ለክርክር ምሽታችን በእጃችን የሠራነው ድምፅ ማጉያ በበጋው ወራት ያለ አንዳች እንከን እንዳገለገለን ታስታውሳላችሁ። የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ግን ያጉረመርም ጀመር፤ በኋላም ተናጋሪው ገና «የተከበራችሁ» ሲል ጸጥ አለ። እኔም ሳልመረምር ጥፋቱን ሽቦዎቹን በበየደው ጓደኛችን ላይ ጣልሁ። ትራንዚስተሮች ተለወጡ፤ ገንዘብም ወጣ፤ ጉርምርምታው ግን አልቀረም።

በመጨረሻ ሳጥኑን ብንፈታው፥ የመሬቱ የመዳብ ሽቦ ከአሉሚኒየሙ ሳጥን ጋር በብሎን በታሰረበት ቦታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተከማችቶ አገኘን። ጓደኛችን የበየደው ሁሉ ደህና ነበር። ያንን ብሎን ያሰርሁት እኔ ነበርሁ።

ነገሩ እንዴት ሆነ? አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 እ.ኤ.አ. ሁለት ዓይነት ማዕድናትን በጨው ውሃ በራሰ ነገር እየለየ ቢደራርብ የኤሌክትሪክ ጅረት ማግኘቱን አስታወቀ። የእኛም ብሎን ይህንኑ አደረገ። ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድናት ተነካኩ፤ እርጥበት ሁለቱንም ነካ፤ የጣት ላብና አሲድ ያለበት የብየዳ ቅባት ቅሪት ደግሞ ያንን እርጥበት ጅረት አሳላፊ አደረጉት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ማዕድን ይበላል፤ ሌላው ይጠበቃል።

የሚበላው ማን ነው? በኬሚስትሪ መጻሕፍት ሠንጠረዥ አሉሚኒየም −1.66፥ ዚንክ −0.76፥ ብረት −0.44፥ ቆርቆሮ −0.14፥ መዳብ +0.34፥ ብር +0.80 ቮልት ነው። አሉሚኒየም በላዩ ባለው ስስ ሽፋን ምክንያት ከቁጥሩ ይልቅ የታገሠ ቢሆንም፥ ከመዳብ ጋር እርጥበት ካገናኘው ተበዪው እርሱ ነው። ነጩ ዱቄትም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የመሬቱ መስመር ተቋረጠ፤ ማጉያውም አጉረመረመ።

ይህ ጉዳይ አዲስ አይደለም። በ1761 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ባሕር ኃይል «አላርም» የተባለችውን መርከብ በመዳብ ዝርግ አለበሳት። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ቢመረመር፥ መዳቡን የነኩት የብረት ምስማሮች ክፉኛ ተበልተው ተገኙ። መዳቡ የተጠቀለለበት ወረቀት በመካከል የቀረላቸው ምስማሮች ግን ደህና ነበሩ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛ፥ መነካካቱን ከከለከልን ጥፋቱ ይቀራል፤ ሁለተኛ፥ ተበዪው ትንሽ፥ ተጠባቂው ሰፊ ሲሆን ጥፋቱ ይፈጥናል።

በመሬት መስመር ላይ ግን ወረቀት ማግባት አንችልም፤ መነካካቱን የምንፈልገው ነውና። ስለዚህ የምንከለክለው ውሃውን ነው። ቦታውን ፍቃችሁ አጽዱ፤ በቆርቆሮ የተለበጠ የሽቦ ጫፍ ተጠቀሙ፤ ብሎኑን አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ከዚያም መገጣጠሚያውን በሙሉ ቅባት ወይም ቫርኒሽ ቀቡት። አሉሚኒየሙን ብቻ ቀብቶ መዳቡን መተው አይበጅም፤ ቀለሙ በአንዲት ነጥብ ቢላጥ ጥፋቱ ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ ይወድቃልና።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የእኛም ብሎን በበጋ አሳሳቀን። ወደፊት ሥራችን ሲበላሽ ሰውን ከመውቀሳችን በፊት ብሎኑን እንፍታ። ጓደኛዬንም በዚህ ጉባኤ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።