መለኪያው ይቅደም
(ስለ ኤሌክትሪክ የተራራ ቢስክሌት የኋላ ሾክ አብዞርበር መለወጥ በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ንግግር የመረጥኩት ርእስ ከግድብና ከድልድይ ጋር ሲተያይ እጅግ አነስተኛ መስሎ ሊታይ እንደሚችል ዐውቃለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ቢስክሌት፣ ያውም ስለ ቢስክሌቱ አንድ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ በትልቁ ሥራ ላይ የሚቈጣጠር ብዙ ሰው ስላለ የመሐንዲስ ስሕተት ቶሎ ይያዛል። በትንሹ ሥራ ግን፣ «መሐንዲስ ነው፤ ያውቃል» ተብሎ ስለሚታመን፣ የሚቈጣጠረው የለም። እኔም በዚሁ እምነት ምክንያት በአንድ ሰው ላይ ጉዳት ያደረስኩ ስለሆነ፣ ነገሩን ከነስሌቱ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ።

በቅድሚያ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። የኤሌክትሪክ ቢስክሌት የሚባለው የነጂውን እግር የሚያግዝ ሞተርና ባትሪ ያለው ቢስክሌት ነው። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ሞተሩ የሚያግዘው ነጂው ፔዳል ሲመታ ብቻ ሲሆን፣ የተመደበው ኃይል ከ250 ዋት፣ የሚያግዝበትም ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። እኔ በምኖርበት በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ2023 ከተሸጡት አዳዲስ ቢስክሌቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት የዚህ ዓይነት ነበሩ። ለተራራ የሚሠራው ዓይነትም የራሱ የዓለም ሻምፒዮና ተዘጋጅቶለት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በካናዳ ሞን ሳንት አን በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር በወንዶች ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው አለን ሃዘርሊ ነው።

የተራራ ቢስክሌት የኋላ ጎማ ከፍሬሙ ጋር የሚያያዘው በሚታጠፍ ክንድ ነው። በክንዱና በፍሬሙ መካከል የሚገባው ሾክ አብዞርበር ሁለት ሥራዎችን አጣምሮ ይይዛል። አንደኛው የሞላ ሥራ ነው፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ የሚመጣውን ኢነርጂ ተቀብሎ ያስቀምጣል። ሞላው የተጠቀለለ ብረት ወይም የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የንዝረት አብራጁ ሥራ ነው፤ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንዲያልፍ በማስገደድ ኢነርጂውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሞላ ያለ አብራጅ ሲቀር ነጂውን እንደ ኳስ ያነጥረዋል፤ አብራጅ ያለ ሞላ ሲቀር ደግሞ አንድ ጊዜ ከተጨመቀ በኋላ አይመለስም።

እንግዲህ ሞተርና ባትሪ ሲጨመር ምን ይለወጣል? በመጀመሪያ ክብደቱ ይጨምራል። ሞተር የሌለው ተመሳሳይ ቢስክሌት 14 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ ባለ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 25 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሁለተኛው የክብደቱ ቦታ ነው። ሞተሩ በፔዳሉ አጠገብ ከፍሬሙ ጋር ከታሰረ፣ ጭማሪው ሁሉ ከሞላው በላይ ስለሚሆን ጎማው መሬቱን ለመከተል እንደ ቀድሞው ቀላል ሆኖ ይቀራል። ሞተሩ በኋላው ጎማ መካከል ከተተከለ ግን ከሞላው በታች ያለው ክብደት ስለሚበዛ ጎማው በየድንጋዩ ላይ ይዘላል። ለተራራ የሚሠሩት በአመዛኙ ሞተራቸው መካከል ላይ የሆነው ስለዚህ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የአገልግሎቱ መብዛት ነው። በእግሩ ብቻ የሚነዳ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ ቢወርድ፣ ሞተር የሚያግዘው በዚያው ጊዜ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊወርድ ይችላል። በመሆኑም የሾኩ ዘይትና የዘይት መከላከያው ጎማ በዚያው መጠን ቶሎ ያረጃሉ።

አሁን ወደ ታሪኩ ልመለስ። በሽቱትጋርት ከተማ እንደ ታላቅ ወንድም የማከብራቸው አንድ ያገር ሰው አሉ። ስማቸውን ማንሣት አያስፈልግም፤ እኔ የምጠራቸው ጋሼ እያልኩ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሲሆን፣ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው ዳገቱን የሚያግዛቸው 24 ኪሎ ግራም የሚመዝን ያገለገለ የኤሌክትሪክ ቢስክሌት ገዙ። ጥቂት እንደነዱት ጠሩኝና፣ «ከኋላ እንደ አሮጌ አልጋ ይዋልላል፤ ድንጋይ ሲመታ ደግሞ ጓ ይላል። አንተ መሐንዲስ አይደለህም? ምን ላድርገው?» አሉኝ።

እኔም ኮርቻውን በእጄ ሁለት ጊዜ ተጫንኩና፣ «ጋሼ፣ ይህ ሾክ ለዚህ ክብደት አይበቃም። ተለቅ ያለ ይግዙለት» አልኳቸው። ሜትር አውጥቼ የለካሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከላይኛው የብሎን ቀዳዳ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት 230 ሚሊ ሜትር መሆኑን። በዚሁ ልክ ምቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውድና የተመሰገነ ሾክ አስመጣን። ብሎኖቹ ያለ ምንም ችግር ገቡ። ብሎኑ ገባ ማለት ዕቃው ገባ ማለት መሰለኝ።

የቀድሞው ሾክ ምት 60 ሚሊ ሜትር ነበር። በቀዳዳዎቹ መካከል 230 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሾኮች ምታቸው 60ም፣ 65ም ሆኖ ይሠራሉ፤ ሳይጨመቁ ሲታዩ በርዝመት ልዩነት የላቸውም። የ5 ሚሊ ሜትር ልዩነት ምን ሊያደርግ ይችላል የሚል ካለ፣ ክንዱ መፈንቅል መሆኑን ያስታውስ። የዚያ ቢስክሌት ጎማ 150 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ ሾኩ የሚጨመቀው 60 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ የመፈንቅሉ ውድር በአማካይ 2.5 ይሆናል። በሾኩ ላይ የተጨመረው 5 ሚሊ ሜትር በጎማው ላይ 12.5 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ፍሬሙን የነደፈው ሰው ግን በጎማውና ኮርቻውን በሚሸከመው ቱቦ መካከል ያንን ያህል ትርፍ ቦታ አልተወም።

ለሁለት ሳምንት ምንም አልታየም፤ በለሰለሰ መንገድ ላይ ሾኩ እስከ ምቱ መጨረሻ አይደርስምና። በሦስተኛው ቅዳሜ አብረን ከኮረብታው ስንወርድ ጋሼ ሥር ከበዛበት እርከን ላይ ወረዱ። ሾኩ እስከ መጨረሻው ተጨመቀ፤ ጎማው ከቱቦው ጋር ተጋጨና ለአፍታ ቆመ፤ ጋሼም በመሪው ላይ ተወርውረው ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጎማው ቱቦው ላይ የተወውን ጥቁር ምልክት ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሊጠይቃቸው ለመጣ ሰው ሁሉ ጋሼ፣ «መንገዱ ነው» ይሉ ነበር። ከወቀሳ ይልቅ ይህ ከበደኝ። በሳምንቱ ሄጄ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ማድረግ የነበረብኝን ሁሉ አደረግሁ። የቀድሞውን ሾክ መልሼ ገጠምኩና ጋሼ እጃቸው ከዳነ በኋላ በቢስክሌቱ ላይ እንዲቀመጡ አድርጌ የመነሻ ዝቅታውን ለካሁ። የመነሻ ዝቅታ የምለው ነጂው ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ሾኩ በክብደቱ ብቻ የሚጨመቀውን መጠን ነው። ለተራራ ቢስክሌት ኋላ፣ ይህ መጠን ከምቱ 30 በመቶ ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ ይኸውም ለ60 ሚሊ ሜትር ምት 18 ሚሊ ሜትር ነው። የተገኘው ግን 24 ሚሊ ሜትር፣ ማለት 40 በመቶ ነበር። አየሩ የተሞላው ከጋሼ ቀድሞ ይነዳው በነበረው ቀላል ሰው ልክ ኖሯል። ወለም ዘለም ማለቱም፣ ጓ ማለቱም የመጣው ሾኩ ጉዞውን ከሚገባው በታች ስለሚጀምር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው መድኃኒት የሾክ መንፊያና የአምስት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነበር።

ስሌቱን ላሳያችሁ። ጋሼ ከነልብሳቸውና ከነሻንጣቸው 84 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ከቢስክሌቱ ክብደት በሞላው ላይ የሚያርፈው 16 ኪሎ ግራም ያህል ነው ብንል በድምሩ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል። ከዚህ 60 በመቶው በኋላው ጎማ ላይ ቢያርፍ ኃይሉ 590 ኒውተን ገደማ ነው። ይህም በመፈንቅሉ ውድር በ2.5 ተባዝቶ ሾኩ ላይ 1,475 ኒውተን ይሆናል። የብረት ሞላ የሚፈልግ ሰው ይህንን ለ18 ሚሊ ሜትር ቢያካፍለው በሚሊ ሜትር 82 ኒውተን ያገኛል። በገበያ ሞላ የሚሸጠው በፓውንድ በኢንች ስለሆነ፣ ይህ 468 ያህል ነው፤ ስለዚህ 450 ወይም 475 የተጻፈበትን ይመርጣል። በተመሳሳይ ሞተር በሌለው ቢስክሌት ላይ በሞላው ላይ የሚያርፈው 90 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ የሚያስፈልገው ሞላ በሚሊ ሜትር 74 ኒውተን ያህል ነበር። ልዩነቱ በግምት ከአሥር አንድ ነው። ዝቅታው እኩል ሆኖ እንዲቀር ሞላው በዚህ መጠን ከጠነከረ፣ የአብራጁም ጥንካሬ በዚያው መጠን ማደግ አለበት፤ አለዚያ ቢስክሌቱ ከድንጋዩ በኋላ መወዛወዙን አያቆምም።

እዚህ ላይ የአየርና የብረት ሞላን ልዩነት ማስገንዘብ እወዳለሁ። የብረት ሞላ ጥንካሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው። አየር ግን እየታመቀ በሄደ መጠን ጥንካሬው እጅግ ያድጋል፤ በምቱ መጨረሻም እንደ ትራስ ይከላከላል። የመፈንቅሉ ውድር በጉዞው ውስጥ እየቀነሰ የሚሄድ ፍሬም ራሱ ወደ መጨረሻው ስለሚጠነክር የብረት ሞላ ይስማማዋል። ውድሩ የማይለዋወጥ ፍሬም ግን የብረት ሞላ ሲገባለት በትልቅ እርከን ላይ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ስለዚህ «ከአየር ብረት ይሻላል» የሚለው ምክር የፍሬሙ ዓይነት ሳይታወቅ ሲነገር ትርጕም የለውም።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ቢስክሌት ወደ አዲስ አበባ የሚወስድ ቢኖር፣ የከፍታው ነገር ያሳስበው ይሆናል። በ2,400 ሜትር ገደማ የአየሩ ግፊት ከሽቱትጋርት በ0.2 ባር ያህል ያንሳል። የአየር ሾክ የሚሞላው እንደ ነጂው ክብደት ከ12 እስከ 17 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ከመቶ ሁለት አይሞላም። በ1.5 ባር ለሚሞላ ጎማ ግን የሚሰማ ልዩነት ነው።

ታዲያ ሾክ ፈጽሞ አይለወጥ ማለቴ አይደለም። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲሞቅ እየቀጠነ የማብረድ ኃይሉን የሚያጣ ትንሽ ሾክ፣ ተጨማሪ የዘይት ማጠራቀሚያ ባለው ቢለወጥ ተገቢ ነው። የመመለሻ ማስተካከያው እስከ መጨረሻ ተጠብቆም ቢስክሌቱ ነጂውን ማንጠሩን ካልተወ፣ የአብራጁ አቅም ለክብደቱ አይበቃምና ይለወጥ። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በመጀመሪያ የመነሻ ዝቅታው በአየር ይስተካከል። ቀጥሎ፣ ሾኩ አሁንም እስከ መጨረሻው እየወረደ ጓ የሚል ከሆነ፣ የአየሩ ክፍል በማጥበቢያ ይጥበብ። ከዚያ ዘይቱና መከላከያ ጎማዎቹ አምራቹ ባዘዘው የሰዓት ልክ ይታደሱ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ብቻ አዲስ ይገዛ፤ ሲገዛም ርዝመቱም ምቱም ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን።

አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ከመነዳቱ በፊት አንድ ፈተና ይደረግ። የአየር ሾክ ከሆነ አየሩ ቀስ ተብሎ ይውጣ፤ የብረት ከሆነ ሞላው ይፈታ። ከዚያም ኮርቻው እስከ ምቱ መጨረሻ በእጅ ተጭኖ በጎማውና በፍሬሙ መካከል ያለው ክፍተት፣ እንዲሁም የካቴናውና የፍሬን ቱቦው ሁኔታ ይታይ። ይህ ፈተና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ሩብ ሰዓቱን ስለነፈግሁ፣ ጋሼ ስድስት ሳምንት እጃቸውን በጀሶ አስረው ከረሙ።

የተከበራችሁ አባሎች፤ ሰዎች መሐንዲስ መሆናችንን ሲያውቁ ስለ ቤታቸው ጣሪያም፣ ስለ ውሃ ፓምፓቸውም፣ ስለ ቢስክሌታቸውም ይጠይቁናል። ምክራችንን በነጻ ስለምንሰጥ ኀላፊነቱም የቀለለ ይመስለናል። ሆኖም የሚጠይቀን ሰው ቃላችንን እንደ ስሌት ይቀበለዋል፤ ሕይወቱንም በላዩ ላይ ይጭናል። ስለዚህ የመጀመሪያ መልሳችን «ይግዙ» ሳይሆን «ልለካው» ቢሆን ይሻላል እላለሁ።

ጋሼ ዛሬ የሚነዱት በቀድሞው ሾክ ነው፤ ዘይቱ ታድሷል፣ አየሩም በልካቸው ተሞልቷል። ባለፈው ወር ስለ ፊት ፍሬናቸው ሊጠይቁኝ ሲደውሉ፣ «ሜትርህን ይዘህ ና» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ።